«አልወሰንኩም» ያሉኝ ሰዎች

በስልክ መጠየቅ ቀረ ይሉኛል። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን፣ እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገችው ልጄ፣ ማሚ አሁን እኮ ስልክ የሚያነሳ ሰው የለም፣ ሁሉም ኦንላይን ሆኗል ብላ በእንግሊዝኛዋ አስረዳችኝ። ጥያቄው ይላካል፣ ሰውየው ሶፋው ላይ ተጋድሞ በጣቱ ይነካል፣ አለቀ። ደግ። እኔ ግን እድሜዬን በጆሮዬ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰው «አላውቅም» ከማለቱ በፊት የሚስባትን ትንፋሽ ኮምፒውተሩ በየት በኩል እንደሚሰማት የሚያስረዳኝ ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ስሜ ገነት ነው። አዲስ አበባ እያለሁ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ ገመድ ከዚህ ነቅዬ እዚያ እየሰካሁ ስንቱን ከስንቱ አገናኝቻለሁ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥቼ ካናዳ ስገባ ግን ለኔ የሚሆን ገመድ አልነበረም። መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጠፍኩ። ሴንት ጄምስ ታውን የምኖርበት ሕንፃ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው ማስታወቂያውን ያየሁት። በስልክ ሰው የሚያናግር ሠራተኛ ይፈለጋል ይላል። ዕቃ የሚሸጡ መስሎኝ ሄድኩ። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ ድርጅት መሆኑን ያወቅኩት ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ቢሮው ከአንድ ጫማ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ባለቤቱ ኬን ሁልጊዜ የሚቸኩል፣ ምሳውን ቆሞ፣ ክራባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ የሚበላ ሰው ነው። እንግሊዝኛዬን ሲሰማ ፊቱን ቅጭም አደረገ። የስልክ ክፍሉ ኃላፊ ዶሪን ግን፣ ሰዎች አነጋገሯን ለመለየት ሲሉ ጆሯቸውን ያቀናሉ፣ ጆሮውን ያቀና ሰው ደግሞ ቶሎ አይዘጋም ብላ ተከራከረችልኝ። ደመወዙን ተዉት፤ ለአውቶቡስና ለቤት ኪራይ ደርሶ ትንሽ ይተርፋል። «ገነት» ለስልክ አይመችም ተባለና «ጄን» ሆንኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሁሉ ጆሮዬ ላይ ሲዘጋብኝ ከረመ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ስካርቦሮ ያሉ አሮጊት ስለ ከተማው ምክር ቤት ጠይቄያቸው ስለ ድመታቸው ሆድ ሕመም ሲያወሩልኝ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ወደድኩት።

ዶሪን ከኒውፋውንድላንድ የመጣች፣ ስልሳ ዓመት የደፈነች፣ ጉንጯ ውስጥ ሁልጊዜ ሚንት ከረሜላ የማይጠፋ ሴት ነበረች። በእድሜ እናቴ ስለምትሆን ስሟን እንዲሁ መጥራት ከበደኝና «ሚስ ዶሪን» ስላት ቆየሁ፤ እሷም ሚስ የሚሉኝ የሰፈሬ ቄስ ብቻ ናቸው እያለች ትስቅብኝ ነበር። የሥራ ጠባይዋን አሁንም ዓይኔ ላይ ነው የማየው። የተሞሉት መጠይቆች ከሰዓት በኋላ ተጠርዘው ሲመጡላት፣ ሌላው ሁሉ ማን ይመራል ብሎ ሲሻማ፣ እሷ ያልወሰኑትን ብቻ ለይታ ታወጣለች። እርሳስ ታሾላለች። ከዚያ በየወረቀቱ ኅዳግ ላይ የጻፍነውን ጭረት ሁሉ አንድ በአንድ ታነባለች። ደዋይዋ «ዝም አለ» ብላ ከጻፈች ምን ያህል ዝም እንዳለ ትጠይቃታለች። ከኋላ የሚስቱ ድምፅ ይሰማ ነበር ወይ? ቴሌቪዥኑን ቀነሰው ወይስ አልቀነሰውም? እኔ መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋ ነካ ያደርጋታል እንዴ እል ነበር።

ከታች ካለው ጫማ ቤት ያመጣቻቸው ሦስት የጫማ ካርቶኖች ጠረጴዛዋ ላይ አሉ። ባንዱ የማያውቁ፣ ባንዱ የማይናገሩ፣ ባንዱ የማይሄዱ ብላ ጽፋባቸዋለች። «አልወሰንኩም» ያለ ሰው ሁሉ ከሦስቱ አንዱ ውስጥ መግባት አለበት። ስለ ተወዳዳሪዎቹ ሰምተው እንደሆነ ስንጠይቀው አንዱንም ስም የማያውቅ ከሆነ፣ ያ ሰው እውነትም አልወሰነም። ባለፈው ምርጫ ሄደው ነበር ወይ ሲባል «ሥራ በዛብኝ» የሚል፣ ዘንድሮም ሥራ ይበዛበታል። ሁሉንም ስም እያወቀ፣ የሰፈሩን ጉዳይ አብጠርጥሮ እያወራ፣ ማንን ይመርጣሉ ሲባል ብቻ አልወሰንኩም የሚለው ግን ሆዱ ያውቀዋል። እሱን ለብቻው ታስቀምጠውና በሳምንቱ ራሷ ደውላ ታናግረዋለች። ሦስቱን አንድ ላይ ቀላቅሎ «ያልወሰኑ» ብሎ መጻፍ ለሷ ነውር ነበር።

በተለይ ምርጫው ገና ወራት ሲቀሩት በሚሠራ የአስተያየት ጥናት፣ እኛ ፖል በምንለው፣ ላይ ጥብቅ ናት። በዚያን ጊዜ ግማሹ ሰው ምርጫ መኖሩን የሚሰማው ከኛው ከደዋዮቹ ነው። ስም የጠራውም ቢሆን የሚጠራው የለመደውን ስም ነው፤ ስለዚህ በወንበሩ ላይ የቆየው ሰው ሁሌም ይመራል። መታወቅ እንጂ መመረጥ አይደለም። አንድ ቀን ይሄማ ወጥ ሽንኩርቱ ሳይበስል ጨው እንደመቅመስ ነው አልኳት። ወደደችውና በትልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። የኛ ወጥ ምን እንደሚመስል ግን እስከ መጨረሻው በደንብ የገባት አይመስለኝም።

ኬን ደግሞ ሠንጠረዡ ላይ ባዶ ሣጥን አይወድም። ደንበኛ ባዶ ነገር አይገዛም ባይ ነው። ያልወሰኑት በበዙ ቁጥር ይጨንቀዋል፤ እንደወሰኑት ድርሻ አከፋፍሉልኝ ይላል። እየመራ ላለው ብዙውን፣ ለተከታዩ ትንሹን፣ ሠንጠረዡም ሞላ ማለት ነው። ዶሪን እያለች አይደፍርም። የሷ ሚንት ጉንጯ ውስጥ መንቀሳቀስ ሲያቆም እሱም ቀስ ብሎ በሩን ዘግቶ ይወጣል።

አሁን ወደማልረሳው ነገር ልግባ። ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እኔም ከደዋይነት አልፌ የፈረቃ ተቆጣጣሪ ሆኛለሁ። በኛ ሰፈር ግሎሪያ የምትባል ከትሪኒዳድ የመጣች ነርስ ነበረች። የተከራዮች ማኅበር መሪ ናት። የሕንፃዎቻችን ሊፍት ክረምት ከበጋ ሲበላሽ፣ አሮጊቱ ሁሉ ግሮሰሪውን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ፣ ከአከራዮቹ ጋር ተናንቃ ያሠራችው እሷ ናት። በየሦስት ዓመቱ ለሚመረጠው የከተማው ምክር ቤት ልትወዳደር ስሟን አስመዘገበች። ተቃዋሚዋ ለብዙ ዓመት ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ደጋፊዎቿ ተሰባስበው እኛ ዘንድ መጡና፣ ሴትዮዋ ከሆስፒታሉ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ልትወስድ ነው፣ መወዳደሯ ተስፋ ካለው ትግፋበት፣ ከሌለው ስም የመሰረዣው ቀን ሳያልፍ ትተወው፣ እናንተ ንገሩን አሉ።

ዶሪን በዚያ ሰሞን ዳሌዋን ኦፕሬሽን ተደርጋ ቤቷ ተኝታለች። ኬን አንቺው ሥሪው አለኝ። ዓይኔ በራ! በስሜ የሚወጣ የመጀመሪያ ሪፖርት። የራሴ ሐሳብም ጨመርኩበት፤ በሰፈሩ ዜግነት ያገኙ ያገሬ ሰዎች ስላሉ ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለስኩና እነሱን ራሴው ደወልኩላቸው። በገዛ ቋንቋቸው ሲጠየቁ ልባቸውን ይከፍታሉ ብዬ ነው። ኬን ሐሳቡን በጣም ወደደው፤ ለደንበኞች ሁሉ የምንነግረው ነገር ሆነ።

ደወልኩ። እንዴት ነሽ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል፣ ብቻ ደስ የሚል ወሬ ነው። ስለ ሊፍቱ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ በረዶ ጠረጋው እንደ ጉድ ያወሩኛል። ማንን ሊመርጡ አስበዋል ስል ግን «እስቲ እንግዲህ፣ ገና አልወሰንኩም» ይላሉ። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ከሱ የሚቀጥለውም። ሌሎቹ ደዋዮች በእንግሊዝኛ ካናገሯቸው ይልቅ የኔዎቹ ላይ ያልወሰኑት እጅግ በዙ። ወረቀቱ ፊቴ ተዘርግቷል። ካርቶኖቹም ጠረጴዛው ላይ አሉ። እኔ ግን ኬን ሐሙስ ይድረስልኝ ስላለ ተጣድፌያለሁ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለኔ ነው። ያልወሰኑትን ሁሉ እንደወሰኑት ድርሻ አከፋፈልኳቸው። ሰውየው በሰፊው ይመራል፣ ያልወሰኑትም ይህን አይለውጡትም፣ የማሸነፍ ተስፋ አይታይም ብዬ ጻፍኩ። ሥርዝ ድልዝ የሌለው፣ የሚያምር ሪፖርት ነበር። ግሎሪያ አነበበችው። የመሰረዣው ቀን ከማለፉ በፊት ስሟን አወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ላጥብ ወረድኩ። ጋሽ መኮንን እዚያ ቁጭ ብለው ማድረቂያው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። አሥራ ሰባተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ አገር ቤት መምህር የነበሩ፣ አሁን መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያከብራቸዋል። ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ ያቺ ሴትዮ ምን ነክቷት ነው ጥላ የወጣችው ብለው ጠየቁኝ። ፊታቸው ጥቁርቁር ብሏል። እኛ እኮ ሁላችንም ለሷ ነበር የተዘጋጀነው፣ ማን በማን መኪና እንደሚሄድ ሳይቀር ተነጋግረን ነበር አሉ።

የልብስ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሽ መኮንን፣ ያን ዕለት ደውዬልዎ አልወሰንኩም አላሉኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«ለምን?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ልጄ፣ ድምፅሽን እኮ ለይቼዋለሁ። ጄን ነኝ ብትዪም ገነት ነሽ። አንቺ ከየትኛው ወገን እንደሆንሽ እኔ በምን አውቃለሁ? የሰውየው ብትሆኚ አስቀይምሻለሁ፣ የሷ ብትሆኚ ደግሞ የምሸነግልሽ ይመስልብኛል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለማያውቀኝ ፈረንጅ ቢሆን ወዲያው እነግረው ነበር።»

ወይ ጉዴ! ሌሎቹንም ጠየቅኳቸው፤ ሁሉም ያው ነው። ግማሾቹ ድምፄን አውቀው በይሉኝታ ተዉት። ግማሾቹ ደግሞ በአማርኛ ተደውሎ ማንን ትደግፋለህ ሲባሉ የቀበሌ መዝገብ ትዝ ብሏቸው ክው አሉ። ልባቸውን ይከፍትልኛል ያልኩት አማርኛ ነው የቆለፈው። እኔ ደግሞ ያው ያገራቸው ሰው ነኝ፤ ሌላ ደዋይ ቢጠይቀኝ እኔም ቃል አይወጣኝም ነበር። ይህን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አለቀስኩ፤ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ጋሽ መኮንን እያዩኝ።

ሰኞ ዕለት ቀጥታ ዶሪን ቤት ሄድኩ። ዌስተን ትኖራለች፤ ምርኩዟን ይዛ በር ከፈተችልኝ። ወረቀቶቹን ይዤላት ነበር። ሁሉንም እስከ መጨረሻው አነበበች። ኅዳጉ ላይ እኔው በገዛ እጄ «ስለ ሊፍቱ ብዙ አወራ»፣ «ሁለቱንም በስም ያውቃል»፣ «ትንሽ ዝም ብሎ ሳቀ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሰምቼዋለሁ እኮ፣ ጽፌዋለሁ እኮ። አላነበብኩትም። ዶሪን አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። መነጽሯን አወለቀችና ለሴትዮዋ ማን ሊነግራት ነው ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ኬን መንገሩ ምን ይጠቅማል፣ ስሟን አንዴ አውጥታለች፣ የድርጅቱን ስም ማጥፋት ነው አለ። ከሥራ አስወጣሻለሁ አላለም፤ ግን ዞር ብሎ አየኝ፤ ያ አስተያየቱ ያው ማስጠንቀቂያ ነው። እኔም ሄድኩ። ግሎሪያ ከሆስፒታል ፈረቃዋ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። የሠራሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። የደንብ ልብሷን እንደለበሰች አዳመጠችኝ። ከዚያ ሦስት ዓመት ነው የወሰድሽብኝ አለችና አውቶቡሷን ልትሳፈር ሄደች። ስድብ ቢሆን ይረሳ ነበር።

ያን ዓመት እንዴት እንደሠራሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ዶሪን ስትመለስ ካርቶኖቹን አንስታ እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ደዋይ በሚኖርበት ሰፈር እንዳይደውል ደንብ አወጣሁ። በቋንቋቸው የሚጠየቁ ሰዎች መጀመሪያ በየትኛው ቋንቋ ማውራት እንደሚመርጡ ይጠየቁ አልኩ። ብዙዎቹ ያገሬ ሰዎች ቀጥ ብለው እንግሊዝኛ ይሻለናል አሉ፤ የቀድሞዋ እኔ ብሆን ይከፋኝ ነበር። ኬን መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ሥራው ሲያምርለት ጊዜ ሐሳቡ የራሱ እንደነበር ለደንበኞች ሲያወራ ሰማሁት። ይሁን ብዬ ተውኩት። ዶሪን በሁለተኛው ዓመት ጡረታ ወጣች። ወንበሯ ለኔ ሆነ፤ ሚንት ግን አልወድም።

ሦስተኛው ዓመት መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግሎሪያ ደረጃውን ወጥታ ቢሮዬ ገባች። ወንበር ሳብኩላት። ድጋሚ ልትወዳደር እንደሆነና ፖሉን እኔ እንድሠራላት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ለምን እኔን አልኳት። በሕይወቷ ሙሉ ተሳስቼብሻለሁ ብሎ በራሱ እግር የመጣላት ሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነገረችኝ።

ያን ፖል እንደ ሠርግ ነው የደገስኩት። ያልወሰኑት እንደገና ብዙ ሆኑ፤ ከሰውየውም ከሷም ደጋፊዎች ይበልጡ ነበር። ካርቶኖቹን ሞላሁ። የማይናገሩት ካርቶን እስኪፈነዳ ሞላ። በሳምንቱ ማንም ድምፃቸውን በማያውቃቸው ደዋዮች እንደገና አስደወልኩ። ማንን ትመርጣለህ የሚለውን ትተን ጎረቤትህ ስለማን ሲያወራ ትሰማለህ ብለን ጠየቅን፤ ሰው ስለ ራሱ ባይናገር ስለ ጎረቤቱ ይናገራል መቼም። ቢሆንም የሚሄዱት ከማይሄዱት፣ የሷ ከሰውየው፣ ሙሉ በሙሉ ሊለይልኝ አልቻለም። ሪፖርቱን እንዲህ ብዬ ጀመርኩት፦ «ከዚህ ወረቀት ማን እንደሚያሸንፍ ማወቅ አይቻልም።» ኬን ይህን የሚገዛ ማን አለ ብሎ ፀጉሩን ነጨ። ከዚያ በታች የማውቀውን ሁሉ ጻፍኩላት፤ ያልወሰኑት በየትኞቹ ሕንፃዎች እንደሚበዙ፣ ስለምን እንደሚያወሩ፣ የትኞቹ በር ቢንኳኳ እንደሚከፍቱ። ግሎሪያ አነበበችና፣ ታዲያ ልወዳደር ወይስ አልወዳደር አለችኝ።

«እሱን እኔ አልወስንልሽም፣» አልኳት። «ባለፈው ወስኜልሽ አይተነዋል።»

ስቃ ተነሳች። ተወዳደረች፣ በር አንኳኳች፣ ደረጃ ወጣች። የምርጫው ዕለት ያገሬ ሰዎች በሦስት መኪና ተጭነው፣ ጋሽ መኮንን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሲሄዱ በመስኮት አየሁ። እኛ ፖል የምንሠራ ሰዎች ወገን መያዝ ስለማይፈቀድልን ቤቴ ተቀምጬ ጥፍሬን በላሁ። ቆጠራው ሲያልቅ ተሸነፈች። በጥቂት ድምፅ፣ በጣም በጥቂት።

የተከራዮቹ አዳራሽ ስገባ ለቅሶ ቤት መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ነበር። ሰዉ ግን ይጨፍራል። ግሎሪያ ጫማዋን አውልቃ መሐል ላይ ናት። ስታየኝ እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«ባለፈው ያሸነፍሽኝ አንቺ ነሽ፣» አለችኝ። «በዚህኛው ግን ያሸነፈኝ ሰዉ ነው። በሰዉ መሸነፍ ይሻላል።»

አቀፍኳት። ምርጫው ስላለቀ ወገን ብይዝም ችግር የለውም ብዬ በማግስቱ ፖስተሮቿን ለማንሳት አብሬያት ወጣሁ። ከየአጥሩ እየነቀልን፣ ከየመስኮቱ እየሰበሰብን ሕንፃ ለሕንፃ ዞርን። መጨረሻ ላይ የኔው ሕንፃ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ደረስን። ጋሽ መኮንን በሩን ከፈቱ። ፖስተሯ ሳሎናቸው መስኮት ላይ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ፣ በአራት ማዕዘኑ በፕላስተር ተለጥፋለች። ከዚያ ፎቅ ላይ ከእርግብ በቀር የሚያነባት የለም። ላነሳት እጄን ስዘረጋ ጋሽ መኮንን ፊቴ ቆሙ።

«የኔን አትንኪ፣» አሉኝ። «ለሚቀጥለው ምርጫ ሦስት ዓመት ምን አላት? ደግሞም ለማን እንደሆንኩ ለሚጠይቅሽ ሁሉ ንገሪ።»

ግሎሪያ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝና ተረጎምኩላት። ፖስተሩን እዚያው ትተን በሊፍቱ ወረድን።